የአውቶቡስ ሹፌሩ ደብተር፦ «ፓተርሰን» የተሰኘው ፊልም ሲገመገም

አንድ ሰው ቁርሱን እየበላ ሳለ ከጠረጴዛው ላይ የክብሪት ቀፎ አንሥቶ በእጁ ያገላብጣል። የቀፎውን ቀለምና የተጻፈበትን ፊደል ቅርጽ ልብ ብሎ ይመለከታል፤ ከዚያም መልሶ ያስቀምጠውና ምሳ ዕቃውን ይዞ ከቤት ይወጣል። በእግሩ ወደ ሥራው ሲያመራ ስለዚያ ክብሪት የሚናገሩ ጥቂት ቃላት በራሱ ድምፅ በዝግታ ይሰማሉ። ጋራዥ ደርሶ አውቶቡሱ ውስጥ ከመሪው ኋላ ሲቀመጥ ደብተሩን ያወጣና መጻፍ ይጀምራል፤ የእጅ ጽሑፉም በምስሉ ላይ መስመር በመስመር ሲወርድ ተመልካቹ አብሮ ያነባል። ጥቂት እንደ ጻፈ የስምሪት ኃላፊው ይመጣል፤ ደብተሩ ይዘጋል፤ አውቶቡሱ ይንቀሳቀሳል። የክብሪቱ ግጥም ግን በዚያ አይቆምም። በጎዳናው ላይም በምሳ ሰዓትም እየተቀጠለ ይሄድና፣ ስለ አንድ ቀፎ የተጀመረው ወግ ሲያበቃ የፍቅር ግጥም ሆኖ ይገኛል። «ፓተርሰን» የተሰኘው ፊልም በቀሪው ጊዜ ሁሉ የሚሠራውን በዚህ ትዕይንት አሳይቶ ጨርሷል ማለት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ይህን ለመገንዘብ ፊልሙን እስከ ፍጻሜው ማየት ያስፈልጋል።

ፊልሙን የጻፈውና ያዘጋጀው አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በግንቦት 2016 (እ.ኤ.አ.) በካን የፊልም ፌስቲቫል በዋናው የውድድር ዘርፍ ሲሆን፣ ርዝመቱ 118 ደቂቃ ነው። ጃርሙሽ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ከታላላቆቹ የሆሊዉድ ስቱዲዮዎች ውጭ በራሱ መንገድ የሚሠራ ሰው መሆኑ ይታወቃል። ከዚህ ያነሰ የሚታወቀው፣ ወደ ፊልም ከመግባቱ በፊት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ማጥናቱና ከመምህራኑ አንዱ ገጣሚው ኬኔት ኮክ መሆኑ ነው። ይህ ለዚህ ፊልም ትልቅ ነገር ነው። ስለ ገጣሚያን የተሠሩ በርካታ ፊልሞች ግጥምን የሚያውቁት ከሩቅ ነው፤ ገጣሚውን ሰካራም፣ እብድ ወይም ሰማዕት አድርገው ሲያበቁ ግጥሙ ራሱ እንዴት እንደሚጻፍ ሳያሳዩ ያልፋሉ። ጃርሙሽ ግን ስንኝ ከየት እንደሚመጣና በምን ያህል ዝግታ እንደሚመጣ በሚገባ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ይታያል።

ባለታሪኩ ስሙ ፓተርሰን ነው፤ የሚኖርባት ከተማም በኒው ጀርሲ ግዛት ያለችው ፓተርሰን ናት። የሚነዳው 23 ቁጥር የከተማ አውቶቡስን ነው። ታሪኩ ሰኞ ጠዋት ይጀምርና እያንዳንዱን ቀን እየቆጠረ እስከሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ይደርሳል። ፓተርሰን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል ያለ ደወል ይነቃል፤ የእጅ ሰዓቱን ያያል፤ አጠገቡ የተኛችውን ሚስቱን ላውራን ይስማል። በእግሩ ወደ ጋራዥ ይሄዳል፣ ይጽፋል፣ ይነዳል፣ ከፏፏቴው ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ምሳውን ይበላል። ወደ ቤቱ ሲመለስ የተንጋደደውን የፖስታ ሣጥን ምሰሶ ያቃናል፤ ከእራት በኋላ ውሻውን ይዞ ይወጣና በአንድ መጠጥ ቤት አንዲት ብርጭቆ ቢራ ጠጥቶ ይመለሳል። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው ፊልሙ አሰልቺ ይመስለው ይሆናል፤ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎችም ይህን ግምት የሚያስተባብሉ አይደሉም። ነገር ግን ማክሰኞና ረቡዕ ሲመጡ በተመልካቹ ዓይን ላይ አንድ ለውጥ ይፈጠራል። ሰኞ ያየነው አልጋ ረቡዕ ከዚያው አቅጣጫ ሲታይ የተኙት ሰዎች አቀማመጥ ብቻ ተለውጧል፤ ብርሃኑም ጥቂት ተለይቷል፤ ላውራ የምትነግረው ሕልም ሌላ ነው። የስምሪት ኃላፊው «እንዴት ነህ» በተባለ ቁጥር አዲስ የችግር ዝርዝር ያቀርባል። የማይለወጠው ነገር በበዛ መጠን የተለወጠችው ጥቂት ነገር እየጎላች ትመጣለች፤ ሐሙስ ሲደርስ ተመልካቹ ልክ እንደ ሹፌሩ ትንንሽ ልዩነቶችን መፈለግ ይጀምራል። ፊልሙ ስለ ትኩረት አንዲት ቃል ሳይሰብክ ትኩረትን በተመልካቹ ላይ ያሠራል። አንድ ስንኝ በአዝማች መልክ እየተመለሰ በየጊዜው አዲስ ትርጉም የሚይዝበትን የግጥም ሥርዓት የሚያውቅ ሰው፣ የፊልሙ አወቃቀር ራሱ የተወሰደው ከዚያ መሆኑን ለመረዳት አይቸገርም። የሳምንቱ ቀናት ሰባት አርኬዎች ናቸው፤ የመጨረሻው ሰኞ ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር መልሶ ያመጣዋል።

ግጥሞቹን በተመለከተ ሊነገር የሚገባው ብዙ ነው። ፓተርሰን የሚጽፋቸው ተብለው የምንሰማቸው ግጥሞች በ1942 (እ.ኤ.አ.) በኦክላሆማ ግዛት በተልሳ ከተማ የተወለደው የገጣሚው ሮን ፓጄት ሥራዎች ናቸው፤ ከፊሎቹ ቀድመው የታተሙ ሲሆኑ ከፊሎቹ ለፊልሙ ተብለው የተጻፉ ናቸው። ፓጄት የኒው ዮርክ ቅኝት ተብሎ ከሚታወቀው የገጣሚያን ወገን የሚመደብ ነው፤ የዚህ ወገን ገጣሚያን ለዓለም ታላላቅ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት ከመነሣት ይልቅ ለአንድ ወዳጅ የሚነገር ወግ በሚመስል ቋንቋ ስለ ቡና፣ ስለ ጎዳና፣ ስለ ምሳ ሰዓት መጻፍን መርጠዋል። በፓተርሰን ምድር ቤት ውስጥ ባለችው ትንሽ የመጻፊያ ጠረጴዛ ዙሪያ የእነዚሁ ገጣሚያን መጻሕፍት ይታያሉ። ግጥሞቹ ቤት አይመቱም፤ ምጣኔም የላቸውም። ጆሮው በቤት መምቻና በሐረግ ምጣኔ ለተገራ የአማርኛ ግጥም አንባቢ ይህ መጀመሪያ ላይ ጎደሎ ሊመስል ይችላል፤ «ይህ እኮ ወሬ ነው፤ ግጥም የት አለ?» ማለቱም አይቀርም። እኔ የምመክረው ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ ከመስጠት መቆጠብን ነው። ግጥሞቹ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከድምፅ መግጠም ሳይሆን ከአስተያየት መዞር ነው፤ አንድ ተራ ዕቃ እየተገለጸ ሳለ በመካከል ሐሳቡ ሳይታሰብ ወደ ሰው ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ ያ ዕቃ የቀድሞው ዕቃ ሆኖ አይቀርም። ቅኔ ሰምና ወርቁን በአንድ ቃል ውስጥ ሲያኖር፣ የፓጄት ግጥም በአንድ ዕቃ ውስጥ ያኖራል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የአጻጻፉ አቀራረብ ደግሞ እስካሁን በፊልም ካየኋቸው ሁሉ የላቀው ነው። ፓተርሰንን የሚጫወተው አዳም ድራይቨር ስንኞቹን የሚያነባቸው ያለቀ ግጥም እንደሚያቀርብ ሰው አይደለም። አንድ ቃል ይልና ዝም ይላል፤ ቀጣዩን ይፈልጋል፤ ያገኘውን መልሶ ይቀምሰዋል፤ አንዳንዴ ከመጀመሪያው ይጀምራል። በመካከሉ የትራፊክ መብራት ይለወጣል፣ ተሳፋሪ ይወጣል፣ በር ይዘጋል። መጻፍ በሥራ መካከል በሚገኝ ክፍተት የሚከናወን ተግባር መሆኑን፣ አብዛኛው ክፍሉም ብዕር ከመነሣቱ በፊት በእግር ጉዞና በዝምታ የሚያልቅ መሆኑን ከዚህ በተሻለ ያሳየ ፊልም አላውቅም። ሹፌሩ ሥራውን ለግጥሙ እንቅፋት አድርጎ አይቆጥረውም፤ መንዳቱ ዓይኑን በከተማዋ ላይ ያቆየዋል፣ ሰዓት ማክበሩ ቀኑን ይሰፍርለታል። ገጣሚ ለመሆን ሥራውን መልቀቅ፣ ከተማውን መሸሽ፣ ቤቱን ማፍረስ አለበት የሚለው የተለመደ ተረት እዚህ ቦታ የለውም፤ ስለዚህም ፊልሙን ከልቤ አከብረዋለሁ።

ከከተማዋ ጋር ያለው ዝምድናም በዋዛ የመጣ አይደለም። ፓተርሰን የተቆረቆረችው በ1790ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተን የፓሴይክ ወንዝ ፏፏቴን ኃይል ለፋብሪካ ለማዋል ካለመው ዕቅድ ጋር የተያያዘች ናት። ፏፏቴው 77 ጫማ ወይም 23 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከተማዋ በኋላ በሐር ፋብሪካዎቿ ብዛት «የሐር ከተማ» ተባለች፤ በ1913 የሐር ሠራተኞቿ ያደረጉት ታላቅ የሥራ ማቆም አድማም በአሜሪካ የሠራተኞች ታሪክ ውስጥ ስሙ የሚነሣ ነው። በአቅራቢያዋ ባለችው ራዘርፎርድ የሕክምና ዶክተር ሆኖ የኖረው ዊሊያም ካርሎስ ዊሊያምስ ከ1946 እስከ 1958 ባሉት ዓመታት በአምስት መጻሕፍት ያሳተመው ረጅም ግጥም ርዕሱ የዚህችው ከተማ ስም ነው። በዚያ ግጥም ውስጥ ከተማዋ እንደ አንድ ሰው፣ ሰውየውም እንደ ከተማ ይታያሉ፤ ጃርሙሽ ሹፌሩንና ከተማዋን በአንድ ስም የጠራቸው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ዊሊያምስ ቀን ሕሙማን እያየ፣ በሚያገኛት ክፍተት ሁሉ እየጻፈ የኖረ ሰው ነበርና ለአውቶቡስ ሹፌሩ ከእርሱ የተሻለ አርአያ ሊገኝ አይችልም ነበር። በፊልሙ ውስጥም ፓተርሰን ስለ ፕለም ፍሬ የተጻፈችውን የዊሊያምስን አጭር ግጥም ለላውራ ያነብላታል።

አውቶቡሱ ውስጥ የሚሰሙት ጭውውቶች ከፊልሙ ታላላቅ ደስታዎች መካከል ናቸው። ሹፌሩ ጆሮውን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ ካሜራው ወደ ተሳፋሪዎቹ ጫማና ፊት ይሄዳል፤ ወሬው ጥቂት ፌርማታ ያህል ቆይቶ ይቋረጣል። ሁለት የቀን ሠራተኞች እየተቀባበሉ ፈልገውናል ስለሚሏቸው ሴቶች ይጎርራሉ፤ ለምን ሳያናግሯቸው እንደቀሩም እያንዳንዱ የየራሱን ምክንያት ያቀርባል። ሁለት ወጣት ተማሪዎች ደግሞ በዚያችው ከተማ በሐር ሸማኔነት ይሠራ ስለ ነበረውና በ1900 ወደ ኢጣሊያ ሄዶ ንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊን ስለ ገደለው አናርኪስት (መንግሥት መኖር የለበትም ባይ)፣ ስለ ጋይታኖ ብሬሺ፣ በታላቅ ስሜት ያወራሉ። የከተማዋ ታሪክ በሐውልትና በሙዚየም ሳይሆን በተሳፋሪ አፍ መተላለፉ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻውን ራፕ የሚለማመደውን ሰው (ራፐሩ ሜተድ ማን ነው የሚጫወተው) ፓተርሰን ቆሞ የሚያዳምጥበት ትዕይንትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ሰውየውም ግጥሙን የሚያሰናዳው እንደ ሹፌሩ ከሌላ ሥራ ጋር ነው፤ የማጠቢያ ማሽኑ ድምፅ ምቱን ይጠብቅለታል።

አዳም ድራይቨር በዚህ ሥራ ያሳየው ብቃት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በዚያው ጊዜ በጠፈር ጦርነት ፊልሞች ውስጥ ቁጡና ጩኸታም ገጸ ባሕርይ ሆኖ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ተዋናይ ነበር፤ እዚህ ግን ድምፁን አንዴም ከፍ አያደርግም። ለፊልሙ ሲዘጋጅ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤ መሪውን ሲይዝ፣ መስታወት ሲያይ፣ ወደ ፌርማታ ሲጠጋ የሚታየው እርግጠኝነትም ከዚያ የመጣ ነው። ዝምታን መጫወት ከባድ ነው፤ ዝም የሚል ሰው በቀላሉ ባዶ ሰው ይመስላልና። ድራይቨር ግን እያዳመጠ ዝም የሚል ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ የሰማው ነገር ሁሉ ሲያልፍ ይታያል። በመኝታ ክፍሉ የወታደር ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ ካሜራው ሳያብራራው ያልፋል፤ ተዋናዩ በእውነተኛ ሕይወቱም የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ወታደር የነበረ መሆኑን የሚያውቅ ተመልካች ያችን ፎቶ በተለየ ዓይን ያያታል።

ስለ ላውራ ሳስብ ግን ከፊልሙ ጋር ሙሉ በሙሉ መስማማት አልችልም። የተጫወተቻት በኢራን የተወለደችው ጎልሺፍቴ ፋራሃኒ ስትሆን፣ ለገጸ ባሕርይዋ የሰጠቻት ሙቀት ከድርሰቱ የበለጠ ነው። ላውራ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ትውላለች፤ መጋረጃውን፣ ግድግዳውን፣ ልብሷን፣ ኬኮቿን ሁሉ በነጭና ጥቁር ትቀባለች፤ ማክሰኞ የአገረሰብ ሙዚቃ ዘፋኝ ለመሆን ጊታር ልታዝዝ ታስባለች፤ ቅዳሜ ደግሞ የጋገረቻቸውን ትንንሽ ኬኮች ገበያ አውጥታ ትሸጣለች። በአንድ በኩል ይህች ሴት የባሏን ያህል አርቲስት ናት፤ እርሱ ደብተሩን ለማንም የማያሳይ ዓይናፋር ሲሆን እርሷ የሠራችውን ሁሉ ወዲያው ለዓለም ማሳየት ትፈልጋለች፤ ግጥሞቹን እንዲያባዛ ሳታሰልስ የምትወተውተውም እርሷ ናት። በሌላ በኩል ግን ድርሰቱ ለእርሷ ጓደኛ አልሰጣትም፣ ጎረቤት አልሰጣትም፣ ስለ ቤተሰቧና ስለ አመጣጧም የሚነገረን ነገር ኢምንት ነው። እርሱ በከተማዋ ውስጥ ሲንቀሳቀስ እርሷ በአራት ግድግዳ ውስጥ ናት፤ የምትሠራው ምግብም አንዳንዴ ለመሳቂያነት ብቻ የገባ ይመስላል። የሹፌሩን ውስጣዊ ሕይወት ለማሳየት ያን ያህል የተጠነቀቀ ፊልም የእርሷንም ለአንዲት ደቂቃ ቢያሳየን ኖሮ ሚዛኑ የተስተካከለ በሆነ ነበር። ሆኖም በመካከላቸው ያለው ፍቅር እውነት ነው፤ አንዱ የሌላውን ሕልም ሳይንቅና ሳይቀና መኖር ይቻላል ብሎ የሚያሳይ ፊልም በቀላሉ አይገኝም፤ የብዙ ፊልሞች ጥንዶች ካልተጣሉ ታሪክ የሚኖራቸው አይመስላቸውምና።

ማርቪን የተባለው ቡልዶግ የዚህ ቤት ሦስተኛ ነዋሪ ነው። ውሻውን የተጫወተችው ኔሊ የተባለች ሴት ቡልዶግ ስትሆን፣ በካን ለውሾች የሚሰጠውን «ፓልም ዶግ» የተባለ ሽልማት ከሞተች በኋላ አሸንፋለች። ማርቪን በላውራና በፓተርሰን መካከል ያለውን ፍቅር በቅናት ዓይን ከሶፋው ላይ ሆኖ ይከታተላል፤ የእርሱ ዝምታም እንደ ጌታው ዝምታ ብዙ ይናገራል። የፖስታ ሣጥኑ ምሰሶ ለምን በየቀኑ እንደሚንጋደድ የሚገለጥበት ቅጽበት የፊልሙ ምርጥ ሳቅ ነው፤ እዚህ ልገልጸው አልፈልግም።

መጠጥ ቤቱ ላይ ጥቂት ልቆይ። ባለቤቱ ዶክ (ባሪ ሻባካ ሄንሊ) ከራሱ ጋር ቼዝ የሚጫወት፣ ከከተማዋ ስለ ወጡ ዝነኞች የሚገልጹ ፎቶግራፎችንና ጽሑፎችን በግድግዳው ላይ የሚሰበስብ ሰው ነው። እዚያ ከሚያመሹት አንዱ ኤቨረት የተባለ ወጣት ተዋናይ ሲሆን፣ ማሪ የምትባል ሴት ስለማትፈልገው በየምሽቱ ያማርራል። ፊልሙ በዚህ ቦታና በሌሎችም አደጋ ሊደርስ ነው የሚያሰኙ ምልክቶችን ይዘራል። በመኪና የሚያልፉ ወጣቶች ውሻው ሊሰረቅ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ፤ አውቶቡሱ በኤሌክትሪክ ብልሽት መንገድ ላይ ሲቆም እሳት ይነሣ ነበር ወይ እያሉ ሰዎች ደጋግመው ይጠይቃሉ። ለአደጋ የተገራው ዓይናችን አደጋውን ይጠብቃል፤ አደጋው አይመጣም። ይህ ከልማድ የመላቀቅ ሥራ እስከ ዐርብ ድረስ በሚገባ ይሄዳል። ኤቨረት ሽጉጥ የሚያወጣበት ትዕይንት ላይ ሲደርስ ግን ጃርሙሽ በራሱ ጸጥታ ላይ እምነት ያጣ መስሎኛል። ሽጉጡ የአሻንጉሊት መሆኑ በኋላ ይታወቃል፤ ፓተርሰንም በቅጽበት ዘሎ ያስጥለዋል፤ የወታደርነት ዘመኑ ከሰውነቱ እንዳልወጣ እናያለን። ያም ሆኖ ትዕይንቱ ከሌላ ፊልም የተዋሰ ይመስላል። ያችው የመኝታ ክፍል ፎቶ የምትለንን ነገር ጮክ ብሎ መድገም አያስፈልግም ነበር። በየጎዳናው የሚታዩት መንታዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ላውራ ሰኞ ጠዋት መንታ መውለዷን በሕልሟ ካየች በኋላ የመጀመሪያዎቹ መንታዎች ሲታዩ ልብ ይነካሉ፤ ቁጥራቸው ሲበዛ ግን የአዘጋጁ እጅ መታየት ይጀምራል።

ከእነዚህ መንታዎች መካከል አንዲቷ ግን ፊልሙን ከፍ የምታደርግ ናት። ፓተርሰን ከሥራ ሲመለስ እናቷንና እኅቷን ብቻዋን የምትጠብቅ ታዳጊ ያገኛል፤ እንዳትፈራ ጥቂት ራቅ ብሎ አብሯት ይቀመጣል። ልጅቱ ምሥጢራዊ ደብተር አላት፤ ስለ ዝናብ የጻፈችውን ግጥም ታነብለታለች። ይህን ግጥም የጻፈው ጃርሙሽ ራሱ ነው፤ የልጅ ዓይን ያለበት፣ ቀላልና ያማረ ግጥም ነው። ፓተርሰን ሲሰማ የሚያሳየው አክብሮት አዋቂ ለልጅ የሚያሳየው ማባበያ አይደለም፤ ባልንጀራ ገጣሚ ለባልንጀራው የሚያሳየው ነው። ቤት ከደረሰ በኋላም የግጥሟን መጀመሪያ መስመሮች በቃሉ ለላውራ ይነግራታል። አንድ ሰው የራሱን ሥራ ደብቆ የሌላውን በቃሉ ይዞ መሄዱ ስለ ጠባዩ ብዙ ይናገራል።

ፊልሙን ያላዩና ፍጻሜውን አስቀድመው ማወቅ የማይሹ አንባቢዎች ይህን አንቀጽ ዘለው ቢያልፉ ይሻላል። ቅዳሜ ማታ ፓተርሰንና ላውራ የኬኩን ገቢ ለማክበር ወጥተው ሲመለሱ ማርቪን ደብተሩን ቦጫጭቆት ያገኙታል፤ ቅጂ የለም። ከዚህ በኋላ ያለው የእሑድ ክፍል ከፊልሙ ሁሉ ጥንቃቄ የበዛበት ነው። ፓተርሰን አይጮኽም፣ ውሻውንም አይመታም፤ ለማርቪን በዝቅተኛ ድምፅ የሚነግረው አጭር ቃል ብቻ አለ፤ ከዚያም ወደ ፏፏቴው ይሄዳል። እዚያ ማሳቶሺ ናጋሴ የሚጫወተው ጃፓናዊ እንግዳ የዊሊያምስን መጽሐፍ ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል። ገጣሚ ነህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ፓተርሰን ሹፌር መሆኑን ብቻ ይናገራል። እንግዳው ግን የገባው ነገር አለ፤ ሲሰናበት ባዶ ደብተር ይሰጠዋል። ብዙ ገምጋሚዎች ይህን ትዕይንት ከመጠን በላይ የተመቻቸ አድርገው ሊያዩት ይችላሉ፤ እኔ ግን የሚገባውን ያህል የተደከመበት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ያየነው ሰው ግጥሙን ለኅትመት ሲያስብ አላየነውም፤ የጠፋበት የታየለት ሥራ ሳይሆን የኖረበት ሥራ ነው። ስለዚህም እንግዳው የማጽናኛ ቃል ቢናገረው ኖሮ ሐሰት ይሆን ነበር፤ የሰጠው መጻፊያ ነው። ጽሑፍ የጠፋበት ሰው፣ የጠፋው ተመልሶ እንደማይመጣና ቀጣዩ መስመር ግን እንደሚመጣ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት መሆናቸውን ያውቃል፤ ትዕይንቱም አንደኛውን ለሌላኛው ሲል አያስተባብልም።

ምስሉን የቀረጸው ፍሬድሪክ ኤልምስ ነው። የጡብ ግድግዳዎችን፣ የድሮ ፋብሪካዎችን ቅሪት፣ በአውቶቡሱ መስታወት ላይ የሚያልፉ ሕንፃዎችን ያነሣበት ብርሃን ለስላሳና የማይጎመዝዝ ነው፤ ፓተርሰን ሲያስብ የወንዙ ውኃ በፊቱና በእጅ ጽሑፉ ላይ እየተደራረበ ይወርዳል። ሙዚቃውን የሠራው ጃርሙሽ ራሱ ያለበት ስኩዌርል የተባለው ቡድን ሲሆን፣ ረጋ ብሎ የሚያንዣብብ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ነው። ልብህን ልንካ እያለ የማያስቸግር ሙዚቃ በመሆኑ ወድጄዋለሁ።

አንድ ቅሬታ ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እውነተኛዋ ፓተርሰን የሐር ፋብሪካዎቿ ከተዘጉ በኋላ ለረጅም ጊዜ ድህነትና ሥራ አጥነት የጎዷት ከተማ ናት። ፊልሙ የነዋሪዎቿን ልዩ ልዩ ቀለምና ትውልድ በፍቅር ያሳያል፤ በአውቶቡሱም በመጠጥ ቤቱም ማንም ማንን እንደ ባዕድ አያይም። ነገር ግን የኑሮ ጭንቀት ከአንድ ጊታር ዋጋ በላይ ሲሻገር አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩን የሚዘረዝረው የስምሪት ኃላፊው ብቻ ነው፤ እርሱም እንደ ቀልድ ቀርቧል። ፊልሙን ለሚያየው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ጊዜና ጸጥታ አይገኝም፤ በሁለት ፈረቃ የሚሠራ ሹፌር ከፏፏቴው ፊት ለፊት የሚቀመጥበት የምሳ ሰዓት ላይኖረው ይችላል። ፊልሙ ይህን ጥያቄ ወደ ውስጥ ቢያስገባው ኖሮ ጸጥታው የበለጠ ክብደት ይኖረው ነበር እንጂ አይደፈርስም ነበር።

ማን ይየው ለሚለው ጥያቄ መልሴ ሰፊ ነው። ግጥም የሚጽፉ ሰዎች በተለይ ሥራቸውን ከእንጀራ ፍለጋ ጋር አጣምረው የሚኖሩ ከሆነ፣ ስለ ራሳቸው ሕይወት ያለ ማጋነን የተሠራ ነገር እዚህ ያገኛሉ። ግጥም አንብበው የማያውቁም ቢሆኑ የሚያጡት የለም፤ ፊልሙ ዕውቀትን እንደ መግቢያ ትኬት አይጠይቅምና። ፈጣን ሴራና ድንገተኛ ክስተት የሚሹ ግን ሌላ ምሽት ሌላ ፊልም ቢመርጡ ይሻላቸዋል። በአሜሪካ ለአዋቂዎች ደረጃ የተሰጠው በጥቂት ስድቦች ምክንያት ብቻ ነው፤ ከዚያ በቀር ለወጣቶች የሚያስቸግር ነገር የለውም። በስልክ ላይ ወይም በመካከል እያቋረጡ ለማየት አይመችም፤ የቀናቱ መመላለስ ሥራውን የሚሠራው በአንድ መቀመጫ ሲታይ ነው። በምስሉ ግርጌ የሚወጣ የትርጉም ጽሑፍ የሚያስፈልገው ተመልካች ደግሞ ጽሑፉ የሚሰማውን ንግግር ብቻ ሳይሆን በምስሉ ላይ የሚጻፉትን ግጥሞችም የሚተረጉም መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ እነርሱ ካልተነበቡ ፊልሙ ግማሽ ነው።